«አንቺ ተቀመጪ» የምንላት እናት

እናትን ማክበርና መጦር በአገራችን ትልቅ ቦታ የሚሰጠው ጉዳይ ነው። ከገጠር ወደ ከተማ መጥታ ከልጇ ቤት የምትኖር እናት እንጨት እንዳትፈልጥ፣ ውኃ እንዳትቀዳ፣ ሊጥ እንዳታቦካ ይደረጋል። ጠዋት ከመኝታዋ ስትነሣ ከመደቡ ላይ ፍራሽ ተነጥፎላት፣ ጋቢ ተደርቦላት፣ ቡናው ካለችበት ይመጣላታል። ከበርጩማዋ ብድግ ስትል ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ የቤት ሠራተኛ ሳይቀር «አንቺ ተቀመጪ፣ እኛ እናደርገዋለን» ይላታል። ጎረቤትም ይህን አይቶ «ወልዳ ተጠቀመች፣ ልጇ ጦረቻት» ሲል ያመሰግናል። በዚህ ሳምንት የምንነጋገረው ይኸው አክብሮታችን በእናቲቱ አጥንት ላይ ስለሚያስከትለው ጉዳት ነው።

ርእሱን ያነሣነው አንዲት የጫግኒ ከተማ ነዋሪ ካቀረቡልን ጥያቄ በመነሣት ነው። ጠያቂያችን የቢሮ ሠራተኛና የሦስት ልጆች እናት ናቸው። የ68 ዓመት እናታቸውን ከገጠር አምጥተው አብረው መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። «እናቴ ወደኔ ስትመጣ እንስራ ሙሉ ውኃ አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴት ነበረች። አሁን ግን ከበርጩማ ለመነሣት መሬት ትደገፋለች። ባለፈው ክረምት ከደጃፍ ጭቃ አዳልጧት የእጇ አንጓ ተሰበረ። በገጠር ዕድሜዋን ሙሉ ስትወጣ ስትወርድ ያልተሰበረች ሴት፣ እኔ ዘንድ ዐርፋ ተቀምጣ እንዴት ተሰበረች?» ይላሉ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱንም በከፊል በውስጡ ይዟል። ዐርፎ መቀመጡ ራሱ ለስብራቱ በር ሳይከፍት አልቀረም።

ብዙዎቻችን አጥንትን የምናውቀው ከሥጋ ቤት ወይም ከድስት ውስጥ ስለሆነ እንደ ደረቅ እንጨት የማይለወጥ ነገር አድርገን እናስበዋለን። በሰው ገላ ውስጥ ያለው አጥንት ግን ሕይወት አለው፤ ደም ይዘዋወርበታል። አሮጌውን ክፍል እየቦረቦሩ የሚያነሡ ሕዋሳት አሉ፤ በስተኋላቸው እየተከተሉ የተቦረቦረውን በአዲስ የሚሞሉ ሌሎች ሕዋሳትም አሉ። በዚህ ዓይነት የአንድ ጎልማሳ ሰው አጽም በዐሥር ዓመት ገደማ ታድሶ ያልቃል። በልጅነትና በወጣትነት ዘመን የሚሞላው ከሚቦረቦረው ይበልጣል፤ ወደ 30 ዓመት ዕድሜ ገደማም አጥንት ከጥንካሬው ጫፍ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ሚዛኑ ቀስ በቀስ ወደ መሳሳቱ ያደላል።

በሴቶች ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። የወር አበባ ሲቋረጥ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በሰውነት ውስጥ በእጅጉ ይቀንሳል። ይህ ሆርሞን አጥንት ቦርቧሪዎቹን ሕዋሳት እንደ ልጓም ይዞ የሚገታ ነው። ፉለር ኦልብራይት የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1941 የወር አበባቸው በተቋረጠ ሴቶች ላይ የሚታየውን የአጥንት መሳሳት ከዚህ ጋር አያይዘው ካስረዱ ወዲህ ነገሩ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ሆኗል። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ባሉት ከ5 እስከ 7 ዓመታት ውስጥ አንዲት ሴት ከአጥንቷ ይዘት እስከ 20 በመቶ ልታጣ ትችላለች። በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ከሆነ 3 ሴቶች አንዷ፣ ከ5 ወንዶችም አንዱ በቀሪ ዘመናቸው በአጥንት መሳሳት ምክንያት ስብራት እንደሚያገኛቸው ይገመታል።

ሕመሙ ሲጀምር አያሳምም፤ አያስለቅስም። አጥንቱ ሲሳሳ የሚሰማት ሴት የለችም። ቢሆንም ዓይን ላላት ልጅ ምልክት አለው። እናታችሁ ለዓመታት የለበሰችው ቀሚስ ሳይረዝም ጫፉ መሬት መጥረግ ከጀመረ፣ ረዝሞ ሳይሆን እርሷ አጥራ ነው። የአከርካሪ አጥንቶች ከውስጥ ሲሳሱ ያለ ምንም መውደቅ እንኳ እየተጨፈለቁ ቁመትን ያሳጥራሉ፤ ጀርባንም ያጎብጣሉ። ከወጣትነት ቁመቷ ከ4 ሣንቲ ሜትር በላይ ያጠረች ሴት አንዱ የአከርካሪ አጥንቷ ተጨፍልቆ ሊሆን እንደሚችል ተገምቶ ልትመረመር ይገባል። «እርጅና ነው፣ ጎበጠች» ብለን የምናልፈው ብዙ ጊዜ ስብራት ነው። በከሰል ከበሩ መቃን ላይ ቁመቷን ምልክት አድርጎ በየዓመቱ ማስተያየት ምንም ወጪ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አጥንት የሚጠነክረው በምን ነው? ዩሊየስ ቮልፍ የተባሉ ጀርመናዊ የቀዶ ሕክምና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1892 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ አጥንት በላዩ የሚያርፍበትን ጭነት እየተከተለ ቅርጹንና ውስጡን እንደሚለውጥ አስረዱ። በአጭሩ አጥንት የሚሠራበትን ያህል ይወፍራል፤ ሥራ ሲፈታም ይሳሳል። ይህ ወሬ ብቻ እንዳልሆነ በሁለት ነገር ማየት ይቻላል። ቴኒስ የሚጫወቱ ሰዎች መምቻውን የሚይዙበት እጃቸው አጥንት ከሌላው እጃቸው አጥንት ይወፍራል፤ ሰውየው አንድ፣ የሚበላው ምግብ አንድ፣ ልዩነቱ ሥራው ብቻ ነው። በሌላ በኩል የሰውነት ክብደት በማይሰማበት በሕዋ ውስጥ የሚቆዩ ጠፈርተኞች፣ ጤናማና የተመረጡ ሰዎች ሆነው ሳለ፣ ክብደት ከሚሸከሙት አጥንቶቻቸው በየወሩ ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ያጡ ነበር። መደብ ላይ ውላ የምታድር እናት ጠፈርተኛ አይደለችም፤ አጥንቷ ግን የሚደርሰው መልእክት ተመሳሳይ ነው፦ «አትፈለግም።»

ከአጥንቱ ይልቅ ቀድሞ የሚከዳው ደግሞ ጡንቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት አማካይ ዕድሜያቸው 67 የሆነ ጤናማ ሰዎችን ለ10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ አስተኝቶ ነበር። ከ10 ቀን በኋላ ሲመዘኑ ከእግሮቻቸው ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ጠፍቷል። ዐሥር ቀን ብቻ! ጉንፋን ይዟት «ትንሽ ትረፍ» ተብላ ሳምንታት ተኝታ የምትከርም እናት ስትነሣ እግሯ ለምን እንደሚብረከረክ ከዚህ ይገባናል።

ከአፍሪካም አንድ ምሳሌ እናክል። በጋምቢያ ገጠር የሚኖሩ አሮጊቶችን ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡት ጽሑፍ አስገራሚ ነበር። የእነዚህ ሴቶች የአጥንት ይዘት ከእንግሊዝ ሴቶች ያነሰ ነው፤ በምግባቸው የሚያገኙት ካልሲየምም ጥቂት ነው፤ ሆኖም በአጥንት መሳሳት የሚመጣ ስብራት በመካከላቸው ብርቅ ሆኖ ተገኘ። እነዚህ ሴቶች እስከ እርጅና ድረስ እርሻ የሚቆፍሩ፣ ውኃና እንጨት የሚሸከሙ፣ በእግራቸው የሚሄዱ ናቸው። ስብራት ማለት እንግዲህ የአጥንት መሳሳት ብቻ አይደለም፤ የመውደቅም ጉዳይ ነው። ጠንካራ እግር ያላት ሴት ብትደናቀፍም ትቆማለች። የጫግኒዋ ጠያቂያችን እናት በገጠር ሳሉ አዳልጧቸው የማያውቅ አይምሰለን። አዳልጧቸው ይሆናል፤ ግን አልወደቁም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንሸሽግ መናገር ይኖርብናል። «እንግዲያው ሸክም ጤና ነው» ብሎ የሚደሰት ሰው እንዳይኖር። እንስራ አዝላ፣ ወይም ከአቅሟ በላይ ማገዶ ተሸክማ፣ ወገቧን አጉብጣ ኪሎ ሜትሮች የምትጓዝ ሴት ስፖርት እየሠራች አይደለም፤ እየተጎዳች ነው። በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ ጥናት የአከርካሪ አጥንታቸው የሳሳ 59 ሴቶችን በቡድን ከፍሎ ተከታትሎ ነበር። ጀርባን ወደ ኋላ የሚያቀና እንቅስቃሴ ብቻ ከሠሩት መካከል አዲስ የአከርካሪ ጉዳት የታየው በ16 በመቶው ሲሆን፣ ወደ ፊት የሚያጎብጥ እንቅስቃሴ ብቻ ከሠሩት መካከል ግን በ89 በመቶው ታየ። የተጠኚዎቹ ቁጥር ትንሽ ቢሆንም ልዩነቱ የሚናቅ አይደለም። እነዚያው ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2002 እንደገለጡት፣ የወር አበባቸው ከተቋረጠ 50 ሴቶች መካከል ለሁለት ዓመት የጀርባ ጡንቻቸውን ያጠናከሩት ከዐሥር ዓመት በኋላ ሲታዩ፣ ያላጠናከሩት የአከርካሪ አጥንት መጨፍለቅ በ2.7 እጥፍ በልጧቸው ተገኘ።

ስለዚህ ከጎባጣ ሸክም ማዳን ተገቢ ነው፤ ልጅቱ እንስራውን ከእናቷ ጀርባ ማውረዷ ስሕተት የለበትም። ስሕተቱ እንስራውን ካወረዱ በኋላ በምትኩ ምንም ሳይሰጡ መቅረቱ ላይ ነው። አጭር መጥረጊያ ይዞ ጎንበስ ብሎ መጥረግ፣ መሬት ላይ ባለ ገንዳ ጎብጦ ማጠብ፣ ከወለል ላይ ከባድ ነገር ወገብን አጥፎ ማንሣት፣ አከርካሪያቸው ለሳሳ ሴቶች ሁሉ መወገድ ያለባቸው ናቸው። መጥረጊያው ረዥም እንጨት ይግባለት፤ ገንዳው ከበርጩማ ላይ ይውጣ።

ታዲያ ምን ዓይነት እንቅስቃሴ ነው አጥንትን የሚጠቅመው? ብዙ ሰው «እኔ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ይበቃኛል» ይላል። በእግር መሄድ ለልብ፣ ለስኳር፣ ለመንፈስ ደስታ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ግን በጥናት እንደታየው በእግር መሄድ ብቻውን የአከርካሪ አጥንትን ይዘት እምብዛም አይጨምርም። ምክንያቱ አጥንት የለመደውን ነገር እንደ ሥራ ስለማይቆጥረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሩቢንና ላንየን የተባሉ ተመራማሪዎች በአዕዋፍ ክንፍ አጥንት ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ በቀን 36 ጊዜ ብቻ ጫን እየተደረገ የሚለቀቅ አጥንት አዲስ አጥንት አብቅሎ አገኙት፤ ጫናውን በብዙ መቶና ሺህ ጊዜ ቢያበዙት ግን የተጨመረ ጥቅም አልታየም። አጥንት የሚፈልገው ረዥም ድካም ሳይሆን ጠንከር ያለ፣ አጭርና ተደጋግሞ የሚመጣ ቅስቀሳ ነው ማለት ነው። ለሥራ ለሚሮጡ እናቶች ይህ ደስ የሚያሰኝ ወሬ ይመስለናል፤ ሰዓታት አይጠይቅምና።

በሰው ላይ የተደረጉትም ጥናቶች ወደዚሁ ያመለክታሉ። በቦስተን እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ጥናት ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 70 የሆኑ የወር አበባቸው የተቋረጠ ሴቶች በሳምንት ሁለት ቀን ለአንድ ዓመት ክብደት ሲያነሡ፣ የጭን አጥንት አንገታቸውና የወገብ አከርካሪያቸው ይዘት በ1 በመቶ ገደማ ሲጨምር፣ ያልሠሩት ጓደኞቻቸው ግን ከያዙት ላይ አጡ። በአውስትራሊያ ግሪፊዝ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ቤሊንዳ ቤክ የተመራውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት ከዚህም ገፋ አደረገ። አጥንታቸው መሳሳቱ በምርመራ የታወቀ፣ ዕድሜያቸው ከ58 በላይ የሆነ 101 ሴቶች ተሳተፉበት። ግማሾቹ በባለሙያ እየተጠበቁ በሳምንት ሁለት ቀን ለ30 ደቂቃ ብቻ ከባድ ክብደት ማንሣትና ከፍ ብሎ መሬት ላይ ማረፍን ለ8 ወር ተለማመዱ። የወገብ አከርካሪያቸው ይዘት 2.9 በመቶ ጨመረ፤ ቤታቸው ቀላል እንቅስቃሴ ብቻ የሠሩት ግን 1.2 በመቶ አጡ። «አጥንቷ የሳሳ ሴት ከባድ ነገር ብታነሣ ትሰበራለች» የሚለው የቆየ አስተሳሰብ በዚህ ተናወጠ። ይሁን እንጂ «በባለሙያ እየተጠበቁ» የሚለውን ቃል አንባቢ ሳያይ እንዳያልፈው አደራ እንላለን፤ ማንም ተነሥቶ እናቱን ከሰገነት ዝለይ እንዲላት አንመክርም።

ዕድሜዬ አልፏል የሚሉ ካሉ ደግሞ ይህን ይስሙ። እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 የሆኑ 10 አዛውንት የእግር ክብደት ማንሣት ለ8 ሳምንት ጀመሩ። ጉልበታቸው በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። ሁለቱ ምርኩዛቸውን ትተው መሄድ ቻሉ። የ68 ዓመት እናት ከእነዚህ ጋር ስትተያይ ገና ልጃገረድ ናት።

ወደ ጫግኒ እንመለስ። ጫግኒ ከእንጅባራ ወደ መተከል በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ከደጋው ዝቅ ብላ የምትገኝ ሞቃታማ ከተማ ናት። የሰውነት ማጎልመሻ መሣሪያ የሚሸጥ ሱቅ መፈለግ አያሻም። የሚያስፈልገው በየቤቱ አለ። አንድ ጠንካራ ወንበር ከግድግዳ ይጠጋ። እናት እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ከወንበሩ ትነሣ፣ ቀስ ብላም ትቀመጥ፤ አምስት ጊዜ ከቻለች አምስት፣ ካልቻለች ሁለት። ሳምንት እየተጨመረ ወደ ዐሥር ይደርሳል፤ ያ ሲቀልላት ደግሞ ዝቅ ባለ መቀመጫ ይሁን። ከዚያ የበሩን መቃን ይዛ ተረከዟን ከፍ አድርጋ በጣቶቿ ትቁም፤ ወርዳ ተረከዟን መሬት ላይ ጠበቅ አድርጋ ታሳርፍ። ያቺ ትንሽ «ዱብ» ማለቷ ለጭን አጥንት መልእክት ናት። ቀጥላ አንድ እግሯን አንሥታ በሌላው እስከ ዐሥር ድረስ እየቆጠረች ትቁም፤ እጇ መቃኑን ሳይለቅ። በጀርባዋ ግድግዳ ተደግፋ፣ ክርኖቿን ወደ ኋላ ስባ ደረቷን መንፋትም የጀርባ ጡንቻን ያቀናል።

ክብደቱስ? የውኃ ጀሪካን አለልን። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፤ ሚዛን አያስፈልግም። በሁለት እጅ ሁለት እኩል ትናንሽ ጀሪካኖች፣ መጀመሪያ በእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሊትር ብቻ ይዞ ቀጥ ብሎ ግቢውን መዞር፣ በየሁለት ሳምንቱም ጥቂት ጥቂት ውኃ መጨመር ይቻላል። ከጀርባ ሸክም የሚለየው ወገብን ቀጥ አድርጎ ስለሚይዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ፣ ሦስት ቀን ደግሞ የሚዛን መጠበቂያ ልምምድ እንዲያደርጉ መክሯል። ከላይ የጠቀስናቸው እነዚህን በአብዛኛው ይሸፍናሉ።

ከዚህ ሌላ አባቶችና እናቶች ሳያስቡት ይዘው የኖሩት ነገር አለ። በስግደት ከመሬት ወርዶ መነሣት፣ በሶላትም ቆሞ፣ አጎንብሶ፣ ተንበርክኮ እንደገና መቆም፣ የእግርና የዳሌ ጡንቻን ያሠራል። በብራዚል ዕድሜያቸው ከ51 እስከ 80 የሆኑ 2002 ሰዎችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነ ጥናት፣ መሬት ላይ ተቀምጠው ያለ ድጋፍ መነሣት የሚችሉት ከማይችሉት ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ በሕይወት እንደቆዩ አሳይቷል። «እማማ፣ አይስገዱ፣ ይበቃዎታል» ከማለታችን በፊት ቆም ብለን እናስብ። ጀርባዋ የጎበጠና የአከርካሪ ሕመም ያለባት ግን በወንበር ላይ ሆና ብትጸልይ ፈጣሪ የሚቀየማት አይመስለንም።

ቤት ውስጥ ለእናት የሚሰጥ ሥራም ያስፈልጋል፤ ያውም በትእዛዝ ሳይሆን በልመና። ቆማ ቡና ብትወቅጥ፣ ከጓሮ የጎመን መደብ ብትንከባከብ፣ የልጅ ልጇን ከትምህርት ቤት ብታመጣ፣ ከገበያ ሁለት ትናንሽ ዘንቢል በሁለት እጇ ይዛ ብትመለስ፣ ባጃጁም አልፎ አልፎ ቢቀር፣ ክብሯ አይቀንስም። «እናቷን ታሠራለች» የሚል ጎረቤት ይኖራል። እናቷ ተሰብራ ስትተኛ ግን ይህ ጎረቤት መጠየቂያ ይዞ ከመምጣት በቀር የሚያደርገው የለም። እንዲያውም የሠፈር እናቶች በዕድርና በማኅበር ይሰባሰቡ የለም ወይ? ከጠላው በፊት ዐሥር ደቂቃ አብረው ቢነሡና ቢቀመጡ ሥርዓቱን አያበላሽም። በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል መኪና የማይሄድባቸው ቀኖች ሲጀመሩ ብዙ ሰው አደባባይ ወጥቶ ስፖርት ሠርቷል፤ እንዲህ ባሉ ቀኖች ላይ የወጣቶችን ያህል አሮጊቶችን ብናይ እንወድ ነበር።

ወንዶቹንም አልረሳናቸውም። የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ሲሰበሰቡ ሽማግሌዎቹ ከፈረስ ላይ ቀጥ ብለው ሲታዩ ያስቀናል። ሆኖም ፈረስ ላይ ክብደትን የሚሸከመው ፈረሱ ስለሆነ፣ ለሽማግሌው አጥንት ይበልጥ የሚጠቅመው መውጣትና መውረዱ ነው።

ስለ መውደቅ ጥቂት እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2019 የ108 ሙከራዎችን ውጤት አንድ ላይ ያየ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 60ና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ዘንድ የአካል እንቅስቃሴ መውደቅን በ23 በመቶ እንደቀነሰ አረጋግጧል። የቀረውን ቤት ይቀንሰዋል። አሮጊቶች ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱም ሊወድቁ ይችላሉ። ባትሪ ከራስጌ ይቀመጥ፤ ከቤቱ እስከ ሽንት ቤቱ ያለው መንገድ በክረምት አሸዋ ወይም ጠጠር ይፍሰስበት፤ ከበሩ ዘንድ የሚጨበጥ እንጨት ይተከል። ሶሉ ያለቀ የፕላስቲክ ጫማ በጭቃ ላይ እንደ ሳሙና ነው። ረዥም ቀሚስ ጫፉ ይታጠፍ። ዓይንም ይታይ፤ በአገራችን ለዓይነ ስውርነት ቀዳሚው ምክንያት የዓይን ሞራ ሲሆን፣ በእንግሊዝ አገር ዕድሜያቸው ከ70 በላይ በሆኑ ሴቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት፣ የአንድ ዓይን ሞራ በቶሎ በቀዶ ሕክምና ሲነሣ መውደቅ በ34 በመቶ እንደቀነሰ ያሳያል።

ስለ ምግብ ረዥም ሐተታ አንገባም። በጫግኒ አካባቢ የሚበቅለው ዳጉሳ ከእህሎች ሁሉ በካልሲየም ከከበሩት አንዱ ነው፤ መቶ ግራሙ ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ሲይዝ፣ የላም ወተት በመቶ ግራም 120 ገደማ ይይዛል። ጾም በሚበዛበት ቤት ወተት ለረዥም ጊዜ ስለማይቀመስ ዳጉሳ፣ ጤፍ፣ ጎመንና ሰሊጥ ይህን ጉድለት ይደግፋሉ። ዳጉሳው ግን ለአረቄ ከሚውል ይልቅ ለእንጀራ ቢውል ደስ ይለናል። ፀሐይም አትረሳ። ወደ እስራኤል የሄዱ ኢትዮጵያውያት ዘንድ የቪታሚን ዲ እጥረት በብዛት መታየቱ እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣ ጥናት ተዘግቧል፤ ጠይም ገላ ይህን ቪታሚን ለመሥራት ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል። የጫግኒ ፀሐይ ሞልታ ሳለ እናትን ቀኑን ሙሉ ከጓዳ ማስቀመጥ ይህንንም ይነፍጋታል።

ይህን የምታነቡ የ30 እና የ40 ዓመት እናቶችም ራሳችሁን አትርሱ። ከቢሮ ወንበር ወደ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወደ ሶፋ ስትሉ የምትውሉት ዛሬ የያዛችሁትን አጥንት እየበላችሁ ነው። ለእናታችሁ የምታስቆጥሩትን ዐሥር መነሣትና መቀመጥ አብራችሁ ቁጠሩ። ሴት ልጃችሁም ገመድ ትዝለል፤ አጥንት በብዛት የሚከማቸው በእርሷ ዕድሜ ነው።

ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ግን የልብ ሕመም፣ ከፍተኛ የደም ግፊት፣ ወይም ቀደም ሲል በትንሽ ውድቀት የመጣ ስብራት ያለባት እናት ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ ትታይ። የአጥንት መሳሳትን የሚያዘገዩ መድኃኒቶች ስላሉ፣ አንድ ጊዜ አንጓዋ የተሰበረ ሴት ስለዚሁ ሐኪም ማነጋገር ይገባታል። ጠያቂያችንም እናታቸውን ለዚህ እንዲያቀርቡ እንመክራለን፤ የአንጓ ስብራት ብዙ ጊዜ የዳሌ ስብራት ቀዳሚ ነውና።

የዳሌ ስብራት ሲደርስ ምን ይደረግ? ወድቃ መቆም ያቃታት፣ አንድ እግሯ ያጠረና መርገጫዋ ወደ ውጭ የዞረ እናት የጭን አጥንቷ አንገት እንደተሰበረ ይታሰብ። እግሯ አይጎተት፤ አይታሽ። ወጌሻ ተጠርቶ በቀርከሃ ጠበቅ አድርጎ የሚያስርበት ሁኔታ ደም አላስተላልፍ ብሎ እግር እስከ መቆረጥ ያደረሰበት ጊዜ በአገራችን ሐኪሞች በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። የዳሌ ስብራት በመታሰር አይድንም፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል፤ ያም በሁለት ቀን ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። በብዙ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች የዳሌ ስብራት ከደረሰባቸው 5 አረጋውያን አንዱ ያህል ዓመት ሳይሞላው ይሞታል፤ ከሚገድሉት መካከልም አልጋ ላይ መቅረት የሚያመጣው የሳንባ ምችና የደም መርጋት ይገኙበታል። ስለዚህ በሽተኛዋን በቃሬዛ ወይም በሳንቃ ላይ አስተኝቶ፣ በሁለቱ እግሮቿ መካከል ትራስ አድርጎ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጫግኒ ሆስፒታል፣ ከዚያም ሲላክ ባሕር ዳር ወዳሉት ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ማድረስ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሐኪሙ በማግስቱ ተነሥታ እንድትቆም ቢያዝ «ጨካኝ ነው» አትበሉት፤ አንሡአትና ደግፋችሁ አቁሟት።